ሰይል መጣ፣ ንገራቸው

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ተካ ጂዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ውስጥ የአንድ አሮጌ ፎቅ ሐሪስ ነው፤ ደረጃ ይጠርጋል፣ በር ይጠብቃል፣ አምፖል ይቀይራል። ምላሱ ይያዛል። «ደህና አደራችሁ» ብሎ እስኪጨርስ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ሁለተኛ ፎቅ ይደርሳል። እግዚአብሔር እንግዲህ በጂዳ አፍ ያለው ሐበሻ የጠፋ ይመስል እሱን መረጠ። ምን ይባላል?

ረቡዕ ጠዋት ሲጠርግ ድምፁ ከኋላው መጣ።

«ተካ! ሰይል መጣ፣ ንገራቸው።»

ዞረ። ማንም የለም። መጥረጊያውን ጥሎ አማተበ።

እሱ ግን የሰማው «ሥዕል መጣ» የሚል ነው። አይፈረድበትም። በድሩም በሚሉት ምድር ቤት አምስት ያገሩ ሴቶች ይኖራሉ፤ በየሰው ቤት ተመላላሽ ሠራተኞች ናቸው። ዓርብ ዓርብ በር ዘግተው ይጸልያሉ፤ የእመቤታችን ሥዕል ከአገር ቤት እንዲመጣላቸው አዘው ሲጠብቁ ከርመዋል። «ሥዕሉ ከመጣማ ያመጣው ሰው ይንገራቸው» ብሎ መጥረጊያውን አነሣ። ሐሙስ ድምፁ ተደገመ። ዓርብ ጠዋት ሲመጣ ግን ፈራ። ሥዕል መጣ ተብሎ እንዲህ አይፈራም።

ለጅብሪል ደወለ። ጅብሪል የወሎ ልጅ ነው፤ ከጂዳ መካ መንገደኛ የሚያመላልስ ሾፌር። በዚያ ሰዓት መካ፣ ሩሰይፋ ነበር።

«እስቲ እንደ ሰማኸው በለው» አለው ጅብሪል።

ተካ እየተንተባተበ እንደ ሰማው አለው።

«ያ አላህ! ተኬ፣ ሰይል እኮ ጎርፍ ነው። እዚህም ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ሰማዩ ጠቁሯል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብታ ዝናብ ላላየ ሰው የጎርፍን ስም ማን ያስተምረው? እግዚአብሔርስ እንደ ጂዳ ሐበሻ ዐረብኛና አማርኛ ቀላቅሎ ይናገራል ብሎ ማን ይጠርጥር?

«አ... አንተ ደውልላቸው። አንተ አፍ አለህ።»

«በድሩም ውስጥ ሸበካ የት አለና? ስልክ አይገባም። ደግሞስ ለኔ መች ተነገረኝ? አማናው፣ አደራው ያንተ ነው። ያላ፣ ውረድ!»

አልወረደም። አምና «ተፍቲሽ መጣ! ፖሊስ!» ብሎ ጮሆ አምስቱንም በጓሮ መስኮት አስወጥቷቸው ነበር። የመጣው ጋዝ ሻጭ ነው። ከመሃላቸው ሰላማዊት የጓሮውን አጥር ስትዘል እግሯ ተሰብሮ እስከ ዛሬ ታነክሳለች። ከዚያ ወዲህ «ነቢዩ ተካ» እያሉ ይስቁበታል።

ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ጌታዬ፣ ሌላ ሰው ፈልግ» አለ በልቡ። «እኔ የሰው እግር ሰባሪ ነኝ። አፍም የለኝ።»

ድምፁ አሁን ዝግ ብሎ መጣ፣ ልጁን እንደሚያባብል አባት።

«አቀላጥፈህ ተናገር መች አልኩህ? ተንተባተብ። እኔ አብሬህ ቆሜያለሁ።»

ተካ አለቀሰ። የደረጃው መስኮት በጠራራ ጠዋት ጠቆረ። የፈሩት ይደርሳል፤ ተነሥቶ ወረደ።

አምስቱም ነበሩ። በሩን ተደግፎ አፉን ከፈተ።

«ጎ... ጎ... ጎ...»

«ጎመን!» አለች ሸዋረገድ ከአልጋዋ ሳትነሣ። «ነቢያችን ዛሬ ደግሞ ምን ይዘውልን መጡ?»

ሳቁ። ሰላማዊት ግን አልሳቀችም። ላብ ያጠመቀውን ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«ተነሡ፣ እንውጣ» አለች።

«አንቺ ደግሞ! እግርሽን የሰበረው ማን ሆነና?» አለች ሸዋረገድ።

«እሱ ነዋ። ያን ቀን ግን አንድ ቃል እንኳ አልተያዘበትም። የገዛ ፍርሃቱ ነበር ያስለፈለፈው። ይኼ ከሱ አይደለም። እዩት፣ እያማጠ ነው!»

ሰላማዊት የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን ከትራሷ ሥር አውጥታ እያነከሰች ደረጃውን ያዘች። ሦስቱ እያጉረመረሙ ተከተሏት። ሸዋረገድ የማዳሟን እንግዶች ስታስተናግድ ነው ያደረችው።

«ኸላስ፣ እኔን ተዉኝ። ሲመጣ ትጠሩኛላችሁ» ብላ ብርድ ልብሷን ተከናነበች።

በሩ ጋ ሲደርሱ መንገዱ ላይ ሰው ይሮጣል። እዚህ ዝናቡ ገና አልጣለም፤ ውሃው ግን ከምሥራቅ በኩል መኪና እየገፋ፣ ደፍርሶ ይመጣል። ሴቶቹ ወደ ላይኛው ፎቅ ሮጡ። ተካ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ዞሮ፣ አንገቱን አስግጎ ተጣራ።

«ሸ... ሸ... ሸ...»

ውሃው በእግሮቹ መካከል አልፎ፣ ከስሟ ቀድሞ ወረደ። ተካ ስሟን እዚያው ተወውና ተከትሎት ወረደ።