ሽሪምፑ ሁለት ሆነ

ዱሚሳኒ ሳሎን ያስቀመጠውን ባለ ባሕር ውሃ የመስታወት ገንዳ ጠዋት ቢያይ ክው አለ። አበባ መስሎ እየተባዛ ኮራሉን፣ ያን ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳ፣ የሚያቃጥልበትን ተባይ እንዲበላለት የገዛው ሽሪምፕ የተባለ ባለ ብዙ እግር ትንሽ የባሕር እንስሳ አሸዋው ላይ ተጋድሟል።

«ማማ ዞድዋ፣ ይምጡ ይዩልኝ! ሞተብኝ! ኮራሌም አለቀለት በቃ።»

ጎረቤቱ ማማ ዞድዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «ታዲያ ያ ድንጋይ ሥር የቆመው የማን ነው?»

ዱሚሳኒ ዓይኑን አሸት አደረገ። «እኔ እኮ የገዛሁት አንድ ነው! ወልዶ ነው የሞተው?»

«ባሕር ዳርቻ ደርባን ተወልደህ አድገህ ይሄን አታውቅም? ሲያድግ ልብሱን አውልቆ ጥሎ ነዋ፣ አንተ ሞኝ!»

የተጋደመውን በማጥለያ አወጣው። እውነትም ባዶ ቅርፊት ነው። ድንጋዩ ሥር ያለው ደግሞ ከተባዩ አንዱን ቆንጥጦ ይጎትታል። ኮራሉ ሊተርፍ ነው። ዱሚሳኒ ግን ግራ እንደተጋባ ማጥለያውን ይዞ ቆመ።

«ታዲያ ይሄን ልቅበረው ወይስ ልጠበው?»