የዶክተር ባምላኩ ዛር

ዶክተር ባምላኩ መንዝ ድረስ የመጣው የእኛን እብደት ሊያጠና ነው። የራሱን ማን እንደሚያጠናለት እንጃ። ጥናቱ «ባህልና የአእምሮ ጤና» ይባላል። እኔም የጤና ጣቢያው ነርስ ስለሆንኩ ከሰው እንዳገናኘው ከበላይ ታዘዝኩ።

በዚያ ሰሞን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ካለቀብን ከርሟል። ወይዘሮ ወሰኔ ከጓሳ ጥግ በእግራቸው እየመጡ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ልጃቸው እሌኒ ክኒኑን ስትወስድ ደህና ነበረች፤ አረም ታርማለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ትጫወታለች። ክኒኑ ሲቋረጥ ግን ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይጠራት ጀመር፤ በውርጭ እየወጣች ገደል አፋፍ ላይ ትቆማለች። እናቷ ሥራቸውን ሁሉ ትተው እሷን ይጠብቃሉ። ይህን ለዶክተሩ አስቀድሜ ነገርኩት። «በጣም ጥሩ!» አለኝ። ምኑ ጥሩ እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም።

ወሰኔ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ ዶክተር መጣ ሲባል መድኃኒት ይዞ መስሏቸዋል።

«እማማ፣ ልጅዎን ምን የነካት ይመስልዎታል?»

«ክኒኗ አልቆ ነው።»

«እሱን ይተዉት። በዚህ አገር እምነት ምን ይባላል?»

«የአእምሮ ሕመም ነው ብለውናል። የንስሐ አባቷም ጠበሉንም መድኃኒቱንም እንዳታቋርጪ ብለዋታል።»

የዶክተሩ ፊት ጠቆረ፤ የድምፅ መቅጃውን ዘጋ። «ይቺ ሴትዮ ተበክላለች» አለኝ በጆሮዬ። «እኔ የምፈልገው ንጹሕ ባህል ነው። እንዲህ የሚያወራማ አዲስ አበባም ሞልቷል።» በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ዋጥ አደረግሁት።

ወሰኔ መቅጃው ሲዘጋ አይተዋል። ሰውዬው ምን ሲነግሩት እንደሚሰማ ገባቸው።

«እንግዲህ እውነቱን ላውጣው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛር ነው።»

መቅጃው ተከፈተ።

ያን ቀን የሰማሁትን ዓይነት ዛር በመንዝ ምድር ሰምቼ አላውቅም። ከገደል ይወጣል፣ ነጭ ፈረስ ይጋልባል፣ ሞላሌ ገበያ ሲውል ይቆጣል። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዶክተሩ ወንበሩን ከማስጠጋቱ የተነሣ ጉልበታቸው ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው።

«ምን ይፈልጋል ታዲያ? ጥቁር በግ? ቀይ ዶሮ?»

«ክኒን» አሉ ወሰኔ። «ያንኑ የእሌኒን ክኒን፣ ጠዋትና ማታ። ደግሞ ዛርን ‹ምን ትፈልጋለህ› ብሎ የጠየቀ ሰው ግብሩን የማቅረብ ግዴታ አለበት። የጠየቁት አንቱ ነዎት።»

አሁን ተያዘ አልኩ በልቤ። ዶክተሩ ግን አጨበጨበ። «ድንቅ ነው! ዛሩ ዘምኗል!» እያለ ተነሣ። «ክኒኑስ?» አልኩት ተከትዬ። «እኔ ተመራማሪ ነኝ፤ ጣልቃ ከገባሁ ውጤቱ ይበላሻል» ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ። ወሰኔ መኪናው ከዓይን እስኪሰወር አዩት። ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው አለቀሱ፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

ሲቸግራቸው በጎቻቸውን ሸጡ፤ ክኒኑን ደብረ ብርሃን ከሚገኝ ፋርማሲ አስገዛንላቸው። እሌኒም ቀስ በቀስ ወደ ራሷ ተመለሰች።

መስከረም ላይ ዶክተር ባምላኩ ከች አለ። ካሜራ የያዘ ልጅና ሁለት የውጭ አገር እንግዶች አስከትሏል። ዛሩን ሊያስቀርጽ ነው። እየመራሁ እስከ ወሰኔ ማሳ ድረስ ወሰድኳቸው። እሌኒ ከሴቶቹ ጋር ገብስ ውስጥ አረም እየነቀለች ትስቃለች።

«ያቺ ናት?» አለ፤ ቆሞ አያት። «ዛሩስ?»

«ሄደ» አሉ ወሰኔ። «የጠየቀውን ሰጠሁት።»

«አሁን ድምፅ አይጠራትም? ወደ ገደሉም አትሄድም?»

«ተመስገን፣ ደህና ናት።»

በሥራዬ «ደህና ናት» ሲባል የብዙ ሰው ፊት አይቻለሁ። ያለቀሰ አለ፣ መሬት የሳመ አለ። ያዘነ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። እንግዶቹን አየ፣ ካሜራውን አየ፣ ከዚያ ወደ ወሰኔ ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ።

«እማማ» አለ በለሆሳስ፣ «ክኒኑን ለጥቂት ቀን ቢያቋርጡላትስ?»