ጫማ በራሱ የሚመለስበት ቤት

የእሳት አደጋ ጣቢያው ኃላፊ አዘነ፣ አዘነና ሐዘኑን ጠቅልሎ ወደ እማማ ዘበኛ ቤት ላከው። «ልጅቷ እንቅልፏ እስኪስተካከል ትረፍ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም ይያት። እስከዚያ መኪናው ላይ አትወጣም» አለ። ትረፍ! ጭስ ውስጥ ገብታ ሰው ተሸክማ ስትወጣ አንድም ቀን ትረፍ ያላት አልነበረም። አሁን ጣሪያ ላይ አፍጥጣ እያደረች ዕረፍት ሰጡኝ ብላ ታመስግን።

እማማ ዘበኛ አያቷ ናቸው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። የልጅ ልጃቸው እሳት አጥፊ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ፣ ተረኛ በሆነች ቁጥር መስኮት ላይ ተለጥፈው ይውላሉ። ሳይረን ሲጮኽ ቀልባቸው ይገፈፋል፤ ግን መኪናው በየት በኩል እንዳለፈ፣ ስንት ሰው ጭኖ እንደሄደ፣ ማን እንደነዳው ሳይቀር ይናገራሉ። ስሙን አይወዱትም። ሲጠሩበት ግን አቤት ይላሉ።

የልጅቷ ነገር የመጣው በጫማ ነው። በጣቢያው እሳት አጥፊ ጋደም ሲል ሱሪውን ቦት ጫማው ላይ አጣጥፎ አልጋው ሥር ያቆመዋል። ደወል ሲጮኽ እግሩን እዚያው ውስጥ ከትቶ፣ ሱሪውን ሽቅብ ስቦ መሮጥ ነው። አንድ ቀን ወለል የሚወለውል ባልደረባ፣ ለጽዳት ብሎ፣ የልጅቷን ቦት ጫማ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። ደወሉ ጮኸ። እግሯን ብትሰድ ባዶ ወለል። ጫማዋን አግኝታ ስትደርስ መኪናው እሷን እየጠበቀ ነበር። የሄዱበት ፎቅ ደረጃ ዓይናቸው እያየ ተናደ፤ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ነበረች።

«ቀድመን ብንደርስም ይናድ ነበር» አሏት። መርማሪዎቹ አሏት፣ ኃላፊው አላት፣ ወልዋዩ እያለቀሰ አላት። ሁሉም አምኖ ሲጨርስ ያላመነች እሷ ብቻ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥም ሸራ ጫማዋን አልጋዋ ሥር፣ አፉን ወደ በሩ አዙራ፣ ሱሪዋን ላዩ ላይ አጣጥፋ ታስቀምጣለች። ተኝታ እጇን ትሰድና ትዳስሰዋለች። አለ? አለ። ትገላበጥና ደግሞ ትዳስሰዋለች። ጫማው የትም አልሄደም፤ የሄደው እንቅልፏ ነው።

ባለሙያ የተባለው ጢሙ ገና ልብቀል አልብቀል እያለ የሚያመነታ ልጅ ሆኖ ተገኘ። «ግቡ» ከማለቱ በፊት «በረጅሙ ተንፍሱ» ስለሚል እማማ ዘበኛ ዶክተር ተንፍሱ አሉት። ሳምባዋ ጭስ ሲምግ ለኖረ ልጅ የሚታዘዘው ትንፋሽ ነው እንግዲህ! ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሶፋ፣ የሶፍት ካርቶንና አንድ አበባ አለ። ሶፍቱን አፍንጫቸው ሥር ደቅኖ እስኪያለቅሱለት ይጠብቃል። እዚያ ክፍል ውስጥ ጭንቀት የሌለበት አበባው ብቻ ነው፤ ላስቲክ ነዋ።

«ጫማውን በየሳምንቱ ትንሽ ታርቂዋለሽ» አላት ልጅቷን። «መጀመሪያ በሩ ሥር፣ ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ፣ በመጨረሻ ቁም ሳጥን ውስጥ። ጭንቀት ሲመጣ ተነሥተሽ አታምጪው። ጭንቀቱ ራሱ ይወጣል፣ ራሱ ይወርዳል።»

«ሊፍት ነው እንዴ?» አሉ እማማ ዘበኛ።

«እንደሱ ይበሉት፣ እማማ።»

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒቱ ይኸው ነው።»

«ጫማ ማራቅ? ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው? እኔ እኮ ‹ጫማሽን ከመንገድ ላይ አንሺ› እያልኩ ነው ያሳደግኳት። ሳላውቀው ሐኪም ነበርኩ በለኛ!»

ልጅቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች። እማማ ዘበኛ ለዚያች ፈገግታ ብለው ልጁን ይቅር አሉት። ይቅርታው ግን አላደረም።

ጫማው በሩ ሥር የተቀመጠ ዕለት ልጅቷ ስትገላበጥ፣ አልጋው ሲንቋቋ፣ እሷም «ኡፍ» ስትል በግድግዳው ማዶ አያትየው ሁሉንም ሰሙ። አንጀታቸው አልችል አለ። ሊነጋጋ ሲል ሸለብ ሲያደርጋት በጣታቸው ቆመው ገቡና ጫማውን አልጋዋ ሥር መለሱት። ስትነቃ እጇ ባዶ ወለል እንዳያገኝ ነዋ! ደግሞም ዶክተር ተንፍሱ የከለከለው እሷን ነው፤ አያቷን ማን ከለከለ?

በማግስቱም መለሱት። በሳልስቱም። ልጅቷ ስትነሣ ጫማውን አየት ስታደርግ ፊቷ አመድ ይመስላል፤ ምንም ሳትናገር ወስዳ ቦታው ታስቀምጠዋለች። እማማ ዘበኛ «መድኃኒቱ ይሆናል እንዲህ የሚያከስላት» እያሉ ዶክተሩን ረገሙት።

አንድ ቀን ወጥ ቤት ድንች እየላጡ ሳለ ልጅቷ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እምዬ፣ ላብድ ነው መሰለኝ።»

«አፍሽን ያዥ! ምን ሟርት ነው?»

«በእንቅልፌ እየተነሣሁ ጫማዬን አመጣለሁ። ከኮሪደሩ ሳይቀር። አንድም አላስታውሰውም። ለዶክተሩ ነገርኩት።»

የእማማ ዘበኛ ድንች ከእጃቸው አምልጦ ባልዲው ውስጥ ገባ። «ምን አለሽ?»

«ምን ይበል? ከሚመጣው ቀጠሮ በኋላ ከኃላፊው ጋር ሊነጋገር ነው። በእንቅልፉ የሚሄድ ሰው መሰላል ላይ አይወጣም፣ እምዬ። ስልክ ክፍል ያስገቡኛል። በቃ፣ እስከ ጡረታ ‹ሃሎ፣ የት ነው የተቃጠለው?› ስል መኖር ነው።»

ጥፋታቸውን ማመን የነበረባቸው እዚያው ድንቹ ላይ ነበር። ግን «ስልክ ክፍል» የምትለው ቃል ጆሯቸው ውስጥ ገብታ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ስልክ አይናድም። ስልክ ጭስ የለውም። ወንበር አለ፣ መጋረጃ አለ፣ ምናልባት የላስቲክ አበባም አለ። ይህን ሁሉ ዓመት መስኮት ላይ ቆመው የለመኑት ነገር፣ ጫማ ከማንሣት በቀር ምንም ሳይደክሙበት ደጃቸው መጣ። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። እሳቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ዝም ብለው አያውቁም፤ ያን ጊዜ ቻሉበት።

ማታ ደህና እደሪ ሊሏት ብቅ ሲሉ ልጅቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁርጭምጭሚቷን በሻርፕ ከአልጋው እግር ጋር ታስራለች። አስተሳሰሯ የሥራ ነው፤ ሰው በገመድ ከፎቅ ሲወርድ የሚታሰረው ዓይነት ቋጠሮ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ከተነሣሁ እንዲይዘኝ ነው። ሂጂ ተኚ፣ እምዬ።»

እማማ ዘበኛ አልተኙም፤ ጫማውንም አልነኩም። ልጅቷ ጠዋት ጫማውን ኮሪደሩ ላይ ስታገኘው «ሻርፑ ሠራ» ብላ እንደ ሕፃን ደስ አላት። ከጭንቀቷ ይልቅ ይህ ደስታዋ ጨረሳቸው።

የቀጠሮው ዕለት ዶክተር ተንፍሱ ገና አፉን ሲከፍት ቀደሙት።

«ቆይ፣ አንተ ልጅ፣ ትንፋሹ ይቆየን። ጫማውን የማመጣው እኔ ነኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ መተንፈስ የረሳው ባለሙያው ሆነ። ልጅቷ ቀስ ብላ ዞረች።

«ጫማዬን? ደግሞ ሰው ጫማዬን ነካ?»

«አሳዘንሽኝ፣ ልጄ። እጅሽ ባዶ ወለል እንዳያገኝ ብዬ...»

«ስልክ ክፍል ሊያስገቡኝ እንደሆነ ስነግርሽስ?»

«እሱን አትጠይቂኝ» አሉ እማማ ዘበኛ፣ ዓይናቸውን አበባው ላይ ተክለው። «ስልክ አይቃጠልም ብዬ ነው። በቃ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እሱ ነው።»

ልጅቷ ወደ አያቷ ተጠጋች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰባብሮ ወጣ። «ታዲያ አላበድኩማ?»

«አንቺ ምን ቆርጦሽ! ያበድኩት እኔ።»

ሳቀች። ስትስቅ ስትስቅ ወደ ልቅሶ ተሻገረች፤ የሶፍቱ ካርቶንም ለዚያ ቀን ያህል እንጀራውን በላ። ዶክተር ተንፍሱ ራሱ አንድ መዘዘና ግንባሩን ጠረገ።

«እማማ» አለ ቆይቶ፣ «የእርስዎ ጫማስ ሲተኙ የት ነው የሚሆነው?»

«እግሬ ላይ።»

«ሲተኙ?»

«ስተኛ። ቢጠሩኝስ? ሆስፒታል በባዶ እግሬ ልሂድ?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እሷ ከተቀጠረች።»

ልጅቷና ባለሙያው ተያዩ። «በረጅሙ ይተንፍሱ» አላቸው፤ የዚያን ዕለት ተነፈሱለት።

ልጅቷ ያን ሳምንት ከሰላምታ ሌላ አላናገረቻቸውም፤ ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ማታ ማታ መጥታ ጫማቸውን ከእግራቸው ታወልቅና ከራሷ ጫማ ጎን ታስቀምጠዋለች። አያትና የልጅ ልጅ በግድግዳ ተለያይተው፣ እያንዳንዳቸው በየአልጋቸው ይገላበጣሉ። ሁለቱ ጥንድ ጫማ ሳምንት በሳምንት ከበሩ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ ቁም ሳጥኑ ገባ። ማንም አላመጣውም። ቆይቶ ቆይቶ ከወዲያኛው ክፍል ማንኮራፋት ተሰማ፤ እማማ ዘበኛ እንደዚያ ያለ ዘፈን ሰምተው አያውቁም።

ኃላፊው እንደገና አዘነና ልጅቷን ወደ መኪናው መለሳት።

በመጀመሪያው ፈረቃዋ፣ ቀትር ላይ፣ ሳይረኑ ጮኸ። እማማ ዘበኛ ወንበራቸው ላይ በባዶ እግራቸው ነበሩ። የእግራቸው ጣቶች ወለሉን ቧጠጡ። የጭንቀታቸው ሊፍት ሽቅብ ወጣ። ይወርዳል ብሏል ያ ልጅ። አልወረደም። መሃል ላይ ቆሞ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ፣ እያቃሰተ፣ አንድ ፎቅ ያህል ዝቅ አለ። እሳቸውም ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

«እማማ ዘበኛ!» ብሎ ጎረቤት ከውጭ ተጣራ። «መኪናው በየት በኩል አለፈ?»

በዳቦ ቤቱ በኩል ነው ያለፈው፤ ድምፁ ያስታውቃል።

«እኔ ምን አውቄልህ!» አሉ። «ዛሬ ዕረፍት ላይ ነኝ።»