ጠላው ሳይቀዳ

ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም አሉ። በግቢው መሐል፣ ከገለባው ክምር አጠገብ፣ አጎዛ የተነጠፈበት አግዳሚ ተዘጋጅቶላቸው ሳለ ሦስቱም ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙ። የመጡበት ጉዳይ እሺ ሳይባል መቀመጥም ሆነ እህል ውሃ መቅመስ በዚህ አገር ነውር ነው፤ ከቀመሱ ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፣ ማንም ተመልሶ አይከፍተውም። አይናዲስ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዛሬ ግን እንደ ተማሪ ልታየው ስለፈለገች በአባቷ ቤት የጓዳ በር ተደግፋ እንደ አዲስ ትመለከታቸዋለች።

በሳምንቱ ውስጥ አምበር ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ መልስ ደግሞ በስልኳ ሶሻል ወርክ ትማራለች። ኔትወርክ ካለ ማለት ነው። በሌለ ጊዜ ስልኳን ሽቅብ ይዛ በየአጥሩ ጥግ ስትዞር ያያት ጎረቤት «ምን ነክቷት ነው?» ማለቱ አልቀረም። የዚህ ሴሚስተር ትምህርቷ ስለ ማኅበረሰብ ፍትሕ ነው፤ ሰው ሲበደል የአካባቢው ሰው ራሱ እንዴት ይዳኛል፣ እንዴት ያስታርቃል የሚል። መምህሯ አንድ ቀን «ለመሆኑ የተበዳዩን ድምፅ ማን ይሰማዋል?» ብላ ስትጠይቅ ማይኩን ለመክፈት አይናዲስን የቀደማት አልነበረም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የማይሰማው የለም፣ ፍርድ ቤት ስንት ዓመት የሚያጉላላውን እነሱ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ይጨርሱታል ብላ አንበለበለችው። መምህሯም ደስ ብሏት፣ እንግዲያው አንድ ሽምግልና ተከታተዪና ቅዳሜ አሥር ሰዓት ለክፍሉ አቅርቢልን አለቻት።

ሽምግልናው ሩቅ አልነበረም። ታናሽ እህቷን ጤናዬን ባሏ አበረ በፍልጥ መትቶ ክንዷን ሰብሯት፣ አባቷ ቤት ከገባች ሰንብታለች። አበረ ደጋግሞ አማላጅ ቢልክም አባቷ አቶ ዓለምነው ከአጥር ውጭ እየመለሱ አሳፍረውታል። እናታቸው ካረፉ ወዲህ የቤቱ ነገር በታላቂቱ ልጅ እጅ ነውና፣ አባቷን ለምና ያለዘበቻቸው፣ የሽማግሌዎቹን አንጋፋ፣ መሪጌታ ድረስን፣ ቤታቸው ሄዳ እሺ ያሰኘቻቸው አይናዲስ ናት። ፍትሕ ይገኛል ብላ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለክፍሉ የሚሆን ጥሩ ታሪክ ይገኛል ብላም ነው።

አበረ ከግቢው በር ውጭ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። መሪጌታ ድረስ ነገር ያውቃሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጀምሩ ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንኳን ራሳቸውን ነቀነቁ። አበረን አልማሩትም፤ ጥፋቱን አንድም ሳያስቀሩ ዘረዘሩት። ዳግመኛ እጁን እንዳያነሳ ዋስ እንደሚጠራ ተናገሩ። ከዚያ ስለ ሁለቱ ቤተሰብ የቆየ ዝምድና፣ ስለ አቶ ዓለምነው ክብር፣ ስለ አበረ ኀፍረት አወሩ። ከልባቸው ነበር፤ የአባቷም ዓይን እንባ አቀረረ። አይናዲስ ግን የጤናዬን ስም እየጠበቀች ነበር። እስካሁን አንድም ሰው አልጠራውም።

ወደ ጓዳው ዞረች። ጤናዬ ወጌሻ በቀርከሃ ያሰረላትን ክንድ አቅፋ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ አስቀምጣለች።

«አለቀ?» አለች ጤናዬ።

«ምኑ?»

«የምመለስበት ነገር።»

አይናዲስ ያን ሁሉ ቀን ከአባቷና ከመሪጌታ ጋር ስትመላለስ ከእህቷ ጋር በአንድ ማዕድ በልታለች፣ በአንድ አልጋ ተኝታለች፤ መመለስ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ ግን አልጠየቀቻትም። አሁን ስትጠይቃት ጤናዬ ቋጠሮውን በደህናው እጇ ወደ ራሷ ሳበች።

«እስካሁን የጠየቀኝ አለ እንዴ?» አለች፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ።

ውጭ አቶ ዓለምነው እሺታቸውን ሰጡ። ስለ ሽማግሌዎቹ ክብር፣ ስለ እግዚአብሔርም ብለው ይቅር ማለታቸውን ተናገሩ። አበረ ከነድንጋዩ ገብቶ እግራቸው ሥር ተደፋ። እሳቸውም ድንጋዩን ሊያነሱለት ጎንበስ እያሉ ወደ ጓዳው ጮክ ብለው ጠላ እንዲቀዳ አዘዙ።

በአይናዲስ ኪስ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ አሥር ሰዓት ሆኗል፣ ክፍሉ እየጠበቃት ነው። ስልኩን ተወችው። ጆጉን ይዛ ወጣች፣ ብርጭቆ አደለች፣ መሪጌታ ድረስ ፊት ስትደርስ ግን ሳትቀዳ ቆመች። እሳቸው ብርጭቋቸውን ዘርግተዋል። ቢቀዳ፣ ቢጠጡ፣ ጤናዬ ዛሬውኑ ቋጠሮዋን አንጠልጥላ አበረን ትከተላለች።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ጤናዬ ሳትጠየቅ አልቀዳም።»

አባቷ እንደጎነበሱ ቀሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ይቺ በስልክ የምትማረዋ ናት አይደል፣ ብለው አጉረመረሙ። አይናዲስ በሰው ፊት አባቷን ስታዋርድ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጆጉን ግን አጥብቃ ያዘች። መሪጌታ ድረስ ባዶውን ብርጭቆ ትንሽ አዩት፣ ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አልተቀመጥንም፣ አልጠጣንም» አሉ ወደ ጓዶቻቸው ዞረው። «ስለዚህ ገና አላለቀም። ልጅቱ ትውጣ።»

ጤናዬ ቋጠሮዋን ጓዳ ትታ ወጣች። አበረ እንደተደፋ ነው፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እያለቀሰም ይሆናል። ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። የጠላችው አትመስልም ነበር።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። «ስለ ማርያም፣ ከልቤ። ግን አልመለስም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያስታረቁት ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ነው የሚያውቁት፤ ምሕረት ሰጥቶ በዚያው የሚቀር ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። መሪጌታ ለምርቃት የከፈቱትን አፍ መልሰው ገጠሙት። አበረም ልነሳ አልነሳ እያለ ሲያመነታ፣ ድንጋዩ ከአንገቱ ወደ መሬት ተንሸራተተ።

አይናዲስ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ የተሰማት ግን ፍርሃት ነው። እህቷን አባቷ ምን ይሏት ይሆን? አቶ ዓለምነው ቀስ ብለው ቀና አሉ። የጤናዬን የታሰረ ክንድ፣ ከዚያም ፊቷን፣ ከመጣች ወዲህ ያላዩት ይመስል አዩት። ሲናገሩ ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም።

«ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚመታሽ?»

ጤናዬ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ዓይኗን አቅንታ አባቷን ተመለከተቻቸው።

«መጀመሪያ የመታኝ ሌሊት፣ አባባ፣ እርስዎ እኛ ቤት አድረው ነበር።»