የአሥሩ ቀን ክኒን

ጥርስ ሐኪሟ ሕይወት የደም አረጋግ ከሚለካው መሣሪያ ላይ የወጣውን ቁጥር አየች። ሌላ ጣት ወግታ እንደገና ለካች። ያው ነው።

«ጋሽ ሙነወር፣ ደም ማቅጠኛውን ክኒን መቼ ነው ያቆሙት?»

ሙነወር ያበጠ ጉንጩን በፎጣው ጫፍ ደግፎ ሳቀ። «እኔ? ልቤ ውስጥ ብረት ከገባልኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ አንድ ቀን አስታጉዬ አላውቅም። ይልቅ ይቺን ጥርስ ንቀያትና ወደ ቤቴ ወደ አርዲቦ ልመለስ። እንደ ክፉ እንግዳ ናት፣ አልነሳም ብላለች።»

«ቁጥሩ እንደዚያ አይልም። የእርስዎ ከሁለት ተኩል በላይ መሆን ነበረበት። ይሄ አንድ ነጥብ አንድ ነው፤ ክኒን ቀምሶ የማያውቅ ሰው ደም ነው።»

«እንግዲያ መሣሪያሽ ታሟል።»

«ሁለቴ ለካሁ እኮ።»

ሙነወር ከወንበሩ ቀና አለ። ፊቱ ጠቆረ። በስተርጅና ውሸታም መባል አልዋጥልህ አለው። «ወላሂ» አለ ቀኝ እጁን አንስቶ፤ «ወላሂል አዚም፣ ትናንትም ከመግሪብ ሶላት በኋላ ውጫለሁ። ይህችው ሚስቴ በእጇ ሰጥታኝ።»

ሚስቱ ኑርሀያት ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ብድግ አለች። መሐላ ይመጣል ብላ አላሰበችም ነበር። ዝም ብትል ጥፋቱ በመሣሪያው ተላክኮ ያልፍ ይሆናል። ግን ባሏ በአሏህ ስም የማለው ያልሆነውን ነው። አለመሆኑን እሱ አያውቅም፤ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የሐሰት መሐላ እንዴት ብላ ታሸክመው?

«መሐላህን ተው» አለች። «የሰጠሁህ እሱን አይደለም።»

ነገሩ የመጣው ከጎረቤቷ ከፋሲካ ወሬ ነው። አምባሰል ያለው የፋሲካ አጎት፣ እንደ ሙነወር ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ መንደር ውስጥ ጥርሱን በጉጠት አስነቅሎ ሦስት ቀን ሲደማ ሰንብቶ በስንት መከራ ተረፈ። የባሏም ጥርስ መታመም ጀምሮ ነበርና፣ ኑርሀያት ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ክኒኑን አቁም ብላ ለባሏ ብትነግረው «ሐኪም ያላለውን» ብሎ እንደማይሰማት ታውቃለች። ስለዚህ ምራቷ ነፍሰ ጡር ሳለች ተሰጥቷት ያስተረፈችውን ቪታሚን አምጥታ፣ ማታ ማታ እሱን አስዋጠችው። አሥር ቀን ሙሉ። እሱ እንደሆነ ከዚክር ጸሎቱ ቀና ሳይል ነው የሚቀበላት፤ ከእጇ የመጣውን መርምሮ አያውቅም። ይህን ሁሉ አሁን አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

ሕይወት ጓንቷን አወለቀች። «እትዬ ኑርሀያት፣ ምነው ቢጠይቁኝ? ክኒኑን እየዋጡም እነቅልላቸው ነበር እኮ። እሰፋዋለሁ፣ ጨርቅ አስነክሳቸዋለሁ፣ ይቆማል። የድድ ደም እጄ ስር ነው። ልባቸው ውስጥ ባለው ብረት ላይ የሚረጋ ደም ግን የኔ እጅ አይደርስበትም።» ትንሽ አሰበችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የብረቱ ድምፅ፣ ያ እንደ ሰዓት የሚቆጥረው፣ አጠገባቸው ሲተኙ ይሰማዎታል?»

«ከሐሙስ ወዲህ ጠፋ» አለች ኑርሀያት። «ልቡ ሸጋ ሆነች፣ ተመቻት ብዬ አሏህን አመሰገንሁ።»

ሐኪሟ ማዳመጫውን ሙነወር ደረት ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ስትገልጠው ጥርሱን ረስታዋለች፤ ስልኳን አንስታ አምቡላንስ ጠራች። «ብረቱን የረጋ ደም ይዞታል፤ ወደ ደሴ ሆስፒታል፣ አሁኑኑ» አለች።

ኑርሀያት ባሏን ቀና ብላ ማየት ፈራች። ቢሰድባት፣ ፈትቼሻለሁ ቢላት፣ የተሻለ ነበር።

«ስንት ቀን አልሽ?»

«አሥር።»

«ደሜ እንዳይፈስ ብለሽ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሙነወር እንደማያውቃት ሰው ትክ ብሎ አያት። በብዙ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ አይቷት አያውቅም።

አምቡላንሱ መጥቶ ሲያስገቡት የአምቡላንሱ ነርስ ማን አብሮ እንደሚሄድ ጠየቀች። ኑርሀያት በሩ ጋ ቆመች።

«እዚያ ምን ዋጥክ ብለው ይጠይቁኛል» አለ ሙነወር ትንፋሽ እያጠረው። «እኔ ምኑን አውቄው? የምታውቂው አንቺ ነሽ። ግቢ።»

ገባች።