የባየልኝ ጋቢ

ይኼን ቤት የጀመረችው እናቴ ናት፤ ወደ በረሃው በሚወርደው የሽንፋ መንገድ ዳር፣ በሁለት የጠፍር አልጋና በአንድ ጋን ጠላ። ቆርቆሮውን፣ የቢራውን ፍሪጅ፣ "ጸዳለ ሆቴል" የሚለውን ጽሑፍ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሆቴል ስላልኩ አትሳቁ፤ ስድስት ክፍል አለው። በዚህ ሙቀት ግን ሰው ሁሉ አልጋውን አውጥቶ ግቢ ነው የሚተኛው።

ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ልጆች ጋቢያቸውን እኔ ዘንድ አስቀምጠው ነው በረሃ የሚገቡት። እሳት ውስጥ ጋቢ ምን ሊያደርግላቸው! አጨዳው ሲያልቅ ይመጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይሰድቡኛል፣ እሰድባቸዋለሁ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ አገራቸው ይወጣሉ። ከእናቴ ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ዘንድሮ መንገዱ ጭር አለ። ተኩስ አለ ሲባል መኪና ይቀራል፤ ድንበሩ ተዘጋ ሲባል ሹፌር ይቀራል። እኔም መቀመጥ አቃተኝ። ሞተር በሰማሁ ቁጥር ብድግ፣ ደጅ ወጣ፣ መለስ። ሙነወር የሚባል የገንዳ ውሃ ሰሊጥ ነጋዴ ቤቱን ለመጋዘን ሽጪልኝ ሲለኝ "እሰይ፣ ግልግል!" አልኩ። ጎንደር እህቴ ዘንድ ልገባ ነው።

ነገ ሊረከበኝ ዛሬ ዕቃ ሳወጣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንድ ጋቢ ቀረ። የባየልኝ ነው፤ አምና ወርዶ ያልተመለሰው የጎጃም ልጅ። ምን አባቴ ላድርገው እያልኩ ስንቆራጠጥ አንድ ሽማግሌ ከሚኒባስ ወርደው ገቡ።

"ልጄ፣ የባየልኝ አባት ነኝ። ጋቢውን እዚህ አስቀምጦ ወረደ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።"

ጋቢውን አምጥቼ ሰጠኋቸው። ጥለቱን ዳበሱት፤ "የእናቱ ፈትል ነው" አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ሲሄዱ ጋቢውን ወንበሩ ላይ ትተውት ወጡ። ሮጬ ደረስኩባቸው።

"አባቴ፣ ረሱት እኮ!"

"አልረሳሁትም። ይኼን ይዤ ብገባ እናቱ ሞተ ብላ ሙሾ ታወርዳለች። እዚሁ ይቀመጥ፤ ሲመጣ ራሱ ይውሰደው።"

"እኔ እኮ ቤቱን..."

"አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር!" አሉና ግንባሬን ስመው ሄዱ።

ወይ ጣጣ! ለሙነወር ደወልኩለት።

"ቤቱ አይሸጥም።"

"ወላሂ፣ ቃል ሰጥተሽኝ? ምን ነካሽ?"

"የሰው ዕቃ አለብኝ።"

"መኪና እልክልሻለሁ፤ ምን ያህል ዕቃ ነው?"

"አንድ ጋቢ።"

ሳቀብኝ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ጋቢውን አጥፌ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ልመልሰው ስል ከሽንፋ፣ ከበረሃው በኩል ሞተር ተሰማኝ። ጋቢውን እንደያዝኩ ደጅ ወጣሁ።