ሁለተኛው ገምጋሚ

«ይህ ክፍል የሚታመን ስላልሆነ ይውጣ» ይላል ስልኩ።

ቀዳጁ ጓዳ ገብቶ፣ በሩን በተረከዙ ዘግቶ፣ ደግሞ አነበበው። ያው ነው። ሳሎን ውስጥ አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ ኖሮ፣ ለቅሶው እንደ ጎማ ከመነዳሪ ተነፋ፣ ተወጠረ፣ ሊፈነዳ ነው ሲባል ቀስ ብሎ ተነፈሰ። ከዚያ የሲኒ ኳኳታ መጣ፤ ከዚያ ሹክሹክታ።

ሰውየው ጎማ ጠጋኝ ነው። «ቀዳጁ» ያሉት ደንበኞቹ ናቸው፤ የተቀደደውን በእጁ ይጠግናል፣ ያልተቀደደውን በአፉ ይቀድዳል። የአውሮፕላን ጎማ በማስቲካ ለጥፌ ሰድጄ፣ አብራሪው ከደመና በላይ ደውሎ አመስግኖኛል ብሎ ያሳመነው ሰው እስካሁን በሕይወት አለ። እንግዲህ ይህ ሰው ነው በስተርጅናው አንዲት እውነት ጽፎ በእሷው የተያዘው።

ሟቿ ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ነው የሚላት። የመጽሔት አዘጋጅ ነበረች፤ መጽሔት ሲባል ግን የዘፋኝ ፎቶ ያለበት አይደለም። ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የአፈር ሊቁም ከፈላስፋ ጋር አንድ ገበታ ቀርቦ የሚሟገትበት፣ ምሁራን የሚጽፉበት፣ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ከፍቶ በነጻ የሚያነበው መጽሔት ነው። «በነጻ» የምትለውን ቃል ስትናገር አገጯ ወደ ላይ ይነሳ ነበር።

ይኸው «በነጻ» ነው ለቅሶ ቤቱን የሚያምሰው። አንድ ትልቅ አሳታሚ ድርጅት መጽሔቱን ልውሰደው፣ ቆልፌ ለከፈለ ላስነብበው ብሎ ነበር፤ እሷ እምቢ ብላ ሞተች። አሁን የመጽሔቱ ቦርድ ሐዘኑ እንዳበቃ ሊሰበሰብ ነው። ሳሎን ውስጥ ምሁራኑ በሲኒ አፍ ላይ ይንሾካሾካሉ፦ ጎበዝ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር፣ ግን ግትር። ለምን እምቢ እንዳለች የሚያውቅ የለም። አሮጊቷ አክስታቸው ደግሞ የምሁራኑን ነገር ሰምታ፣ በነጻ የሚሰጥ ነገር ጉንፋን ብቻ ነው ብላ ፍርድ ሰጥታለች።

ለምን እምቢ እንዳለች የሚያውቀው ቀዳጁ ነው። ግን ቀዳጁ ነው፤ ችግሩም ይኸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ምክትል አዘጋጇ ቀጭን ወጣት መምህር ነው፤ ሲያለቅስ እንኳ አራት ነጥቡ የት እንደሚገባ የሚያስብ። ከቀብር መልስ ቀዳጁን ጥግ ወስዶ ለመነው። አዲሱ እትም ሐዘኑ በሚያበቃበት ቀን ይወጣል፤ በፊት ገጹ ላይ ስለሷ አንድ ጽሑፍ ይኑር፤ ልጅነቷን የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር ማን አለ አለው። ቀዳጁ ጎማ ቤቱን ሳይከፍት ውሎ ጻፈ። ምክትሉ ጽሑፉን ተቀብሎ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እጁ ለምዶበት እንደማንኛውም ጥናት ለግምገማ ላከው። ያውም በስውር። ጸሐፊው ገምጋሚውን አያውቅ፣ ገምጋሚው ጸሐፊውን አያውቅ፤ የእትዬ የብረት ሕግ ነው፣ ለገዛ አስተማሪዋ እንኳ ያልተላላ። ስለዚህ ጸሐፊውን የሚያሳብቅ ነገር ሁሉ ይነሳ ተባለ። «እኔ» ያለበት፣ «እህቴ» ያለበት ይፋቅ። ቀዳጁም ራሱን ከገጽ ገጽ እየተከተለ እንደ ዝገት ፋቀ።

አንደኛው ገምጋሚ ጥሩ ነው፣ ሁለት ቦታ ሰረዝ ይጎድላል አለ። ሁለተኛው ግን ጉድ አመጣ። በሰባት ዓመቷ መዝገበ ቃላቱን ከነሽፋኑ በቃሏ ወጣችው የሚለው አለፈ፤ ንጹሕ ቀደዳ ነበር። ፈተና ላይ ፈታኟን አስጨንቃ ከወንበሩ አስነስታ ተቀመጠችበት የሚለውም አለፈ፤ እንዲያውም ከጎኑ «ግሩም» ተብሎበታል። የወደቀችው እውነቷ ብቻ ናት።

እውነቷም ይህች ናት። ልጅ ሆነው ሰፈራቸው አጠገብ ቤተ መጻሕፍት ነበረ፤ የአባልነት ወረቀት የሌለው አይገባም። እትዬ አልነበራትም። ስለዚህ ከውጭ በመስኮቱ መስታወት ታነብ ነበር። ከውስጥ በኩል መስኮቱ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ የሚቀመጥ አንድ መላጣ ሽማግሌ ነበረ፤ ከራሱ በላይ አሻግራ የያዘውን መጽሐፍ አብራው ታነባለች። ቶሎ ከገለጠባት መስታወቱን በጥፍሯ ኳ ታደርጋለች። መጀመሪያ ተቆጣ። በኋላ ግን ገጹን ቀና አድርጎ ይዞ፣ ኳ እስክትልለት መጠበቅ ጀመረ። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሽማግሌው ቀረ፤ ታሞም ይሁን ሞቶ እንጃ። እትዬ የመጽሐፉን ፍጻሜ ሳታውቅ ቀረች። ያቺ ልጅ ናት አድጋ «በነጻ» ያለችው።

ሁለተኛው ገምጋሚ ከዚህ በታች እንዲህ ጽፏል፦ የተጠቀሰውን ቤተ መጻሕፍት አውቀዋለሁ። መስኮቱ ከረጅም ሰው ራስ በላይ ነው። ሕፃን ልጅ በምን ደርሳ አነበበች? የሟቿን ክብር በተረት ባናሳንስ ይሻላል። ይውጣ።

ምክትሉ የጓዳውን በር በስሱ ከፍቶ አንገቱን አስገባ።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ይወጣል። ወይ ማስረጃ ያቅርቡ፣ ወይ ክፍሉን እናንሳው።»

«ማነው ሰውዬው?»

«እሱን አልነግርዎትም።»

«እሱን ተወው። ሳሎን ውስጥ አለ?»

ምክትሉ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ያዘ። የተጠረገ መነጽር ነበር። ቀዳጁ የሚፈልገውን አገኘ።

እጁን ታጠበ፤ ሳሙናውን ሳያለቀልቅ በፎጣ ጠረገ። ምክትሉን አንድ ነገር ብሎ ሊያስረዳው ፈለገና ማን ያምነኛል ብሎ ተወው። አንድ ሰው ሙሉ ዕድሜውን ወሬ ሲቀድ ኖሮ አንድ ቀን ብቻ እመኑኝ ቢል፣ ያ ቀን ከየት ይመጣል? እትዬም ይህን ታውቅ ነበር። የቤቷ የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ ኮምፒውተሯን ይዛ ጎማ ቤቱ ትመጣና፣ ያረጀ የከባድ መኪና ጎማ ላይ ተቀምጣ ገምጋሚዎቿን በስልክ ታሳድድ ነበር። ገምጋሚ ማለት እሺ ብሎ የሚጠፋ ፍጡር ነው ትላለች። አንዱን በሚስቱ ስልክ፣ አንዱን በጎረቤቱ፣ አንዱን ደግሞ ቀዳጁን የቧንቧ ሠራተኛ አስመስላ አስደውላ ይዛዋለች። በአንዱ እንዲህ ባለ ቀን፣ ሰው ሁሉ ግትር እያለ ከሚያማሽ የመስኮቱን ነገር ለምን አትጽፊውም አላት። ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል መለሰችለት።

«እኔ ብጽፈው ጉራ ነው፣ አንተ ብትጽፈው ቀደዳ ነው። ስለዚህ ይቅር።»

ይቅር ያለችውን ነው እሱ የጻፈው። አሁን ከቀረ ግትር ሆና ትቀራለች፤ ግትር ሰው የከፈተውን ደግሞ ማንም ይቆልፈዋል።

ሳሎን ገባ። ወንበሮቹ ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። ከመስኮቱ ሥር ወፍራሙ ሐኪም፤ ከጎኑ ድልድይ የምትሠራው መሐንዲስ፤ ከጥግ ደግሞ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ እትዬን ሎጂክ ያስተማሯት ሽማግሌ፣ ቡናቸውን ከቴርሞስ አስቀድተው ሳይጠጡ ይዘዋል። ከሦስቱ ምሁራን አንዱ ነው። ቀዳጁ አንድ በአንድ አያቸው፤ ሦስቱም የሐዘን ፊት ለብሰዋል፤ የሐዘን ፊት ደግሞ እንደ ጎማ ነው፣ ሁሉም ጥቁር ነው።

ታዲያ የሚያውቀውን ሙያ ሠራ። አክስቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ጮክ ብሎ፣ ልጅ ሳሉ ሰፈራቸው ስለነበረው ቤተ መጻሕፍት ማውራት ጀመረ። ሕንጻው እንዲህ ነበር፣ በሩ እንዲያ ነበር። መስኮቱማ መሬት ለመሬት ነበር አለ። ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ፍየል አንገቷን አስገብታ የታሪክ ክፍሉን ትግጥ ነበር። አንዷ ፍየል እንዲያውም አንድ ሙሉ መዝገብ በልታ፣ ከዚያን ቀን ወዲያ ስትጮህ በዓመተ ምሕረት ነበር የምትጮኸው።

አክስትየው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሐኪሙ ሆዱ ተነቃነቀ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት አሳለ። መሐንዲሷ ፈገግታዋን ሲኒ ውስጥ ደበቀች። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። አንድ ሁለቴ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። መምህር ናቸው፤ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ሲያልፍ ዝም ማለት ማስነጠስን እንደ መያዝ ነው። አልቻሉም።

«የለም፣ የለም። መስኮቱ ከሰው ራስ በላይ ነው።»

ቀዳጁ ወደ ሽማግሌው ዞሮ ጎንበስ አለ።

«ሁለተኛው ገምጋሚ እርስዎ ነዎት ማለት ነው።»

ሹክሹክታውም ትንፋሹን ዋጠ። ሽማግሌው ከምክትሉ ወደ ቀዳጁ፣ ከቀዳጁ ወደ ምክትሉ አዩ፤ ሕግ ሲፈርስ ያዩ ሰው አስተያየት ነበር። ከዚያ ገባቸው። ጽሑፉን የጻፈው ይህ ባለጎማ ነው። ይቆጣሉ ብሎ ቀዳጁ አንገቱን ሰበረ። ሽማግሌው ግን ሲኒያቸውን አስቀመጡ፤ ድምፃቸውም ክፍል ውስጥ ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው እንጂ እንደ ተቆጣ ሰው አልነበረም።

«እንግዲያው ንገረኝ። ልጅ ነበረች። በምን ደረሰች?»

ቀዳጁ አፉን ከፈተ። ዕድሜ ልኩን አፉ አሳፍሮት አያውቅም፤ አንድ ነገር ቢጠየቅ ሰባት ይመልሳል። አሁን አንድም አልመጣለት። ከጽሑፉ የፋቀውን ነገር በቃል መመለስ አቃተው። ሁሉም ያዩታል። ምክትሉ መነጽሩን እንደገና አወለቀ።

«መኪና ዝም ብሎ አይነሳም» አለ በመጨረሻ። «ከሥሩ የሚያነሳው ክሪክ አለ።»

ከዚያ ተነሳ። ሐኪሙን ይቅርታ ብሎ ከነወንበሩ ገፋ አደረገውና መስኮቱ ሥር ቆመ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ እግሩን አራራቀ፣ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ተከለና አጎነበሰ። ጀርባውን እንደ ጠረጴዛ ዘረጋው። አንገቱ ሥር ያለው ሸሚዝ ተሸበሸበ፤ የጎማ ጥቁር ያልለቀቀው ማጅራቱ ታየ።

«ጫማዋን ታወልቅ ነበር» አለ እንዳጎነበሰ። «እግሯ ሲከብድ ገጹ አስቸጋሪ ነው ማለት ነው። ሲቀል መላጣው ገለጠላት ማለት ነው። እኔ አንዲት ፊደል አላየሁም። ግድግዳውን ነው ያየሁት።»

አክስትየው እጇን አፏ ላይ እንደጫነች ቀረች። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ያንን ጀርባ አዩ፤ ከዚያ የመስኮቱን ከፍታ፤ ከዚያ መልሰው ጀርባውን። ወደ ምክትሉ ጠጋ አሉ።

«እንዳለ ይግባ» አሉ ቀስ ብለው። «ያወጣችሁትን ሰውም መልሱት። ከነወንድሟ ይግባ።»

«ሕጉ ጌታዬ፣ ጸሐፊው ሲታወቅ...»

«ሕጉን ያወጣችው ምን ላይ ቆማ እንደሆነ አየህ አይደል? የሰኞውን ስብሰባም በዚህ ጽሑፍ እንጀምራለን። መጽሔቱን የመቆለፉን ነገር ከዚያ በኋላ የሚያነሳ ካለ ያንሳ።»

ምክትሉ ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ሄዶ ቀዳጁን በክንዱ ነካው።

«ገብቷል ጋሼ። ይበቃል፣ ቀና ይበሉ።»

ቀዳጁ ወዲያው አልተነሳም። አንድ እጁን ከጉልበቱ አንስቶ ወደ ኋላ ሰደደ፤ ጀርባውን ከወገቡ እስከ ትከሻው በጥንቃቄ ዳበሰ፣ እትዬ ወርዳ እንደሆነ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ።